የጠፋች ጥጃ የሚጠራ ዋሽንት፦ ልብ የሚነካ የጌም ማጀቢያ ሙዚቃ አሠራር

ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብቶ ማሲንቆ ያዳመጠ ሰው የጌም ሙዚቃን ግማሽ ምስጢር ያውቀዋል። አዝማሪው አንዲት አጭር ሐረግ ይይዝና እሷኑ ይመላለስባታል። ግጥም የሚሰጠው እንግዳ "ተቀበል!" ብሎ ስንኙን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ሌላ አይሻገርም። እንግዳው ሦስት ሰከንድ ቢያስብ ሦስት ሰከንድ፣ ግማሽ ደቂቃ ቢያስብ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቀዋል። ስንኙ ሲመጣ ማሲንቆው ዝቅ ብሎ ቃሉን ያሳልፋል፤ ቤቱ ሲሞቅ ከፍ ይላል። የፊልም ሙዚቃ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ትዕይንቱ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚያልቅ ተለክቶ ይሰጠዋል። የጌም ሙዚቃ ግን ተጫዋቹ በሩን መቼ እንደሚከፍት ሳያውቅ ይጠብቅና፣ ሲከፍት ለዚያች ቅጽበት የተጻፈ መስሎ መገኘት አለበት።

ጌም ሲጫወት እንባ የተናነቀው ሰው "ዜማው ቆንጆ ስለሆነ ነው" ይላል። ያንኑ ዜማ ጌሙን ላልተጫወተ ጓደኛው ሲያሰማው ግን ጓደኛው "ደስ ይላል" ብሎ ያልፋል። ዜማው ልብ የገባው ከተጫዋቹ የገዛ እጅ ጋር ስለታሰረ ነው፤ ሲሮጥ አብሮት ሮጧል፣ ሲቆም ቆሟል፣ የደከመበትን ሰዓት ሁሉ ተሸክሞ መጨረሻ ላይ ተመልሶበታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ማሰሪያ ስለመሥራት ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው ጌም የነበረው ሙዚቃ ወደታች የሚወርዱ አራት ወፍራም ድምፆች ብቻ ነበር፤ ጠላቶቹ እየቀረቡ ሲመጡ አራቱ ድምፆች ይፈጥናሉ፣ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይፈጥናል። ኮጂ ኮንዶ ሙዚቃውን የሠራለት የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብሮስ፣ የቀረው ሰዓት ከ100 ሲያንስ ያንኑ ዜማ ያፈጥነዋል፤ ጌሙ ይሠራበት የነበረው መሣሪያ የነበሩት የድምፅ መስመሮች አምስት ብቻ ነበሩ። ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል ደግሞ ሉካስአርትስ በተባለው የጌም ኩባንያ ውስጥ አይሙዝ የተባለውን ሥርዓት ሠርተው፣ በ1991 ሙዚቃው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ምቱ ሳይሰበር እንዲሻገር አደረጉ። ዛሬ በነጻ የምናገኛቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ሥራውን በአንድ ምሳሌ እንሂድበት። ጌሟ በስልክ የምትጫወት ትንሽ ጌም ናት። አንድ እረኛ ልጅ ከጮቄ ተራራ ሥር ተነስቶ የጠፋች ጥጃውን እየፈለገ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በመንገዱ ደጋው፣ ጉሙ፣ ሌሊቱና ጅቡ፣ ወንዙ አሉ። ልጁ ዋሽንት ይዟል፤ ተጫዋቹ አንዲት ቁልፍ ሲነካ ጥጃዋን የሚጠራባትን አጭር ዜማ ይነፋል።

ጥሪዋን ጻፉ

ከሁሉ በፊት ጥሪዋ ትጻፍ። ሌላው ሙዚቃ ሁሉ ከእሷ ይወለዳል። ልኳ አምስት ድምፅ፣ ርዝመቷ ከሦስት ሰከንድ በታች ይሁን። ተጫዋቹ ይህችን ቁልፍ መቶ ጊዜ ሊነካት ይችላል፤ ረጅም ከሆነች ሃያኛው ላይ ያቆማታል፣ ያቆማት ዕለት ደግሞ የመጨረሻው ትዕይንት ይሞታል።

የኖታ ንባብ ለማያውቅም እንዲመች በቁጥር እንጻፈው። በሙዚቃ ፕሮግራማችሁ የፒያኖ ሰሌዳ ላይ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ 0 በሉትና ጥቁሩንም ነጩንም ሳትዘሉ ወደ ላይ ቁጠሩ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው። ጥሪዋን 7–9–7–4–2 አድርጓት። በዋሽንት ስትነፋ 9 ላይ ትንሽ ቆይታ ትወርድና 2 ላይ ትቆማለች። 2 የ0 ጎረቤት ነው፤ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ያልገባ ሰው ይመስላል። ጆሮ 0ን ይጠብቃል፣ አይመጣም። ያችን ስድስተኛ ድምፅ ጥጃዋ እስክትገኝ ድረስ ለተጫዋቹ አትስጡት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር አለ። ጥሪዋ በጥንቃቄ ተጽፋ ሳለ ከጀርባ የሚሄደው ክራር ዜማውን በየአራት ባሩ (ባር ምቶች የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል ነው) 0 ላይ ያሳርፈዋል። ተጫዋቹ ሳይታወቀው የጠበቀውን አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ 0 ሲመጣ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ የጀርባው ዜማ 7 ላይ ወይም 4 ላይ ይረፍ። 0 ከታች ሆኖ እንደ መሬት የሚጎተት ወፍራም ድምፅ ብቻ ሆኖ ቢኖር አይጎዳም፤ በዜማው መስመር ላይ ግን አይምጣ።

ጥሪዋ በጆሮ መያዟን ለማወቅ ለሦስት ሰዎች ሦስት ሦስት ጊዜ አሰሟቸው፤ ወሬ አንስታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩና አንጎራጉሩልኝ በሏቸው። ሁለቱ ቅርጿን ካገኙት ትበቃለች። ካላገኟት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዝላዩ መብዛቱ ነው፤ በአምስት ድምፅ ውስጥ ከአንድ በላይ ትልቅ ዝላይ አይኑር።

ቅኝት

አንድ ጥሪ በቅኝት ስትለወጥ መልኳን ሳትጥል ስሜቷ ይለወጣል። በትዝታ ሜጀር የጻፍናት ጥሪ የቅኝቱን 4ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ፣ 3ኛ፣ 2ኛ ድምፅ የያዘች ናት፤ ያንኑ ተራ በሌላው ቅኝት ላይ ማስቀመጥ ነው። ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8 ስለሆነ ጥሪዋ 7–8–7–3–2 ትሆናለች። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ነው፤ 7–8–7–5–1። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ነው፤ 6–9–6–5–1። ባቲ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11 ሲሆን ማይነሩ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ነው። ለምሳሌያችን ደጋውን በትዝታ ሜጀር፣ ጉሙን በትዝታ ማይነር፣ ሌሊቱን በአንቺሆዬ፣ በረሃውን በአምባሰል ማድረግ ይቻላል።

"ይሄ ቅኝት ለሐዘን፣ ይሄ ለፍርሃት" ብሎ መደልደል ግን ስህተት ነው። አንቺሆዬን የሰርግ ዘፈን ውስጥ እየሰማ ያደገ ጆሮ ቅኝቱን ብቻ ሰምቶ አይፈራም፤ ትዝ የሚለው ዳስና እልልታ ነው። ፍርሃቱን የሚያመጡት ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዜማው በዝቅተኛው የማሲንቆ ድምፅ መምጣቱ፣ በጣም መዘግየቱና በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ። 6ን ከታች ከሚጎተተው 0 ጋር አብራችሁ ረጅም ስትይዟት የሆድ መረበሽ ትፈጥራለች፤ በፍጥነት ስታልፏት ግን ጭፈራ ትሆናለች። ይህን ልዩነት ሁለቱንም ሠርታችሁ በጆሯችሁ አረጋግጡ፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ ልምምድ ነው፣ ከምንም ንባብ በላይ ያስተምራል።

ሌላው ጉዳይ መቃኘቱ ነው። የማሲንቆና የዋሽንት ድምፆች በፒያኖ ልክ የተቆረጡ አይደሉም፤ አንዳንዱ ጥቂት ዝቅ፣ አንዳንዱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጣዕሙም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። በኮምፒውተር የተሠራ ድምፅ ከጎናቸው ስታስቀምጡ ሁለቱ ይጣላሉ። ያን ጊዜ ማሲንቆውን ኦቶቲውን በተባለው የድምፅ ማቃኛ አትጎትቱት። በስልክ መቃኛ አፕ እያንዳንዱን ድምፅ ለኩና የኮምፒውተሩን ድምፅ ወደ መሣሪያው አምጡት። የዋሽንቱ 4 ከፒያኖው በ20 ሴንት (ሴንት በፒያኖ ሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት መቶኛ ነው) ዝቅ ካለ፣ የኮምፒውተሩንም 4 በ20 ሴንት ዝቅ አድርጉት።

ቀረጻ

ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የሚሠራና አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ማረፊያ ድምፁ በቁመቱ ይወሰናል። ዋሽንት ነፊው ቁመታቸው የተለያየ ሦስት አራት ዋሽንት ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ መጀመሪያ ዋሽንቱን ምረጡ፣ 0ን ከእሱ ውሰዱ፣ ከዚያ የቀረውን ሁሉ በዚያ ላይ ቃኙ። በኮምፒውተር ሁሉን ጨርሶ ዋሽንት ነፊ የሚጠራ ሰው አንድም ዋሽንት ሳይስማማው ቀኑ ይመሻል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ስላለው ለመቃኘት ቀላል ነው፤ ሁለተኛ ይምጣ።

ማይኩን ለዋሽንት ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር ርቀት፣ ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ቀዳዳዎቹ አዙራችሁ አቁሙት። አፉ ፊት ከሆነ ትንፋሹ ማይኩን እየመታ "ፑፍ" ይላል፤ በኋላ አይጸዳም። የትንፋሹ ሹክሹክታ ራሱ ግን አይጥፋ፤ ተጫዋቹ ልጅ መኖሩን የሚያምነው በዚያ ነው። ለማሲንቆ ማይኩ ወደ ቆዳው ይመልከት፣ ከ40 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የደጋኑ መመላለሻ ውስጥ ሳይገባ። በ24 ቢትና በ48,000 ኸርዝ ቅረጹ፤ ከፍተኛው ድምፅ −12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። እያንዳንዱን ሐረግ ቢያንስ አምስት ጊዜ ውሰዱ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናያለን።

ክፍል የተባለ ሁሉ ስቱዲዮ መሆን የለበትም። የጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይሻላል፤ ግድግዳው ብዙ ድምፅ አይመልስም። ከነፊው ጀርባና ከጎኑ ሁለት ጋቢ ስቀሉ። ችግሩ ቆርቆሮው ነው፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ሥራ ያስፈታል፣ በበጋም ፀሐይ ሲመታው እየተሳበ ይንጣጣል። ለሊቱ ውሻ፣ ጎሁ ዶሮና የኪዳን ድምፅ ማጉያ አለበት። በጥርና በየካቲት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ጸጥታውም ነፋሱም ይመቻል። ላፕቶፑን ሞልታችሁ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ከመብራቱ የሚመጣው የ50 ኸርዝ እምምታ ብዙ ጥሩ ቀረጻ አበላሽቷል። ይህ መብራት ሲሄድም ያድናል።

ለአካባቢ ድምፅ ስልክም ይበቃል፤ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚቀርጽ አፕ ጫኑ፣ የድምፅ ማጽጃውን አጥፉ፣ በረራ ላይ አድርጉት፣ ማይኩ ላይ ቀጭን ካልሲ አልብሱት። አንድ ቦታ ላይ ሳትንቀሳቀሱ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ቅረጹ። የአዊ ቀርከሃ ውስጥ የሚያፏጭ ነፋስ፣ የፈረስ ኮቴ፣ የጣና ዳር ደንገል ታንኳ ውኃ ሲቆርጥ፤ እነዚህ ከማንኛውም የድምፅ ማከማቻ አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ስትቀርጹ ግን ተጠንቀቁ። ትልቅ ውኃ ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ ሁሉ ይሞላዋል፤ ሙዚቃውን ሥሩ ብታስቀምጡት ይሰጥማል። ሁለት መፍትሔ አለ፦ ወይ ከፏፏቴው ላይ ከ800 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን በ6 ዴሲቤል ቀንሳችሁ ለዋሽንቱ ቦታ ስጡት፣ ወይ ፏፏቴው አጠገብ ሙዚቃውን አጥፉትና ውኃው ብቻውን ይናገር። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ከሙዚቀኞቹ ጋር ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ክፍያውን፣ ቀረጻው የትኛው ጌም ላይ እንደሚውልና ስማቸው በጌሙ መጨረሻ እንደሚጻፍ አስፍሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም አጨዋወቱ የእነሱ ነው።

በገናን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። ዐሥሩ አውታርና የእንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ለጌም እጅግ የሚያጓጓ ድምፅ ነው፤ ነገር ግን በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ሰው በዐቢይ ጾም ልቡን ሰብስቦ የሚሰማው። ጅብ በሚያሳድድበት ትዕይንት ሥር ማስገባት የአገሩን ሰው ያሳዝናል። ጸናጽልም እንዲሁ። ወፍራም የሚንዘር ድምፅ ከፈለጋችሁ የክራሩን ወፍራም ክር ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙና ድልድዩ ላይ ትንሽ ወረቀት አስገቡበት።

የማይሰለች ዙር

ሙዚቃው እየዞረ ስለሚሄድ ርዝመቱ በሒሳብ ይያዝ። የደጋው ሙዚቃ 6/8 ይሁን፣ በደቂቃ 80 ምት። አንድ ባር ሁለት ምት ስላለው 1.5 ሰከንድ ይሆናል፤ 32 ባር 48 ሰከንድ ነው፣ በ48,000 ኸርዝ ልክ 2,304,000 ናሙና (ኮምፒውተሩ ድምፁን የለካበት ነጥብ)። ፋይሉን ስታወጡ ይህ ቁጥር ካልመጣ አንድ ቦታ ትርፍ ተቆርጧል ወይም ጎድሏል፤ በየዙሩ "እንቅፋት" ይሰማል።

እንቅፋቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ኤምፒ3 ነው፦ ፋይሉን ሲጨምቅ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ጥቂት ባዶ ይጨምራል። ይህን ባዶ በማይጨምረው ኦግ በተባለው የፋይል ዓይነት አውጡ። 48 ሰከንዱ በ16 ቢት ስቴሪዮ ዋቭ 9.2 ሜጋባይት ሲሆን፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ኦግ 0.77 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሁለተኛው የሪቨርብ (የማስተጋቢያ ድምፅ) ጅራት ነው፦ የመጨረሻው ድምፅ ገደል ውስጥ እያስተጋባ ሳለ ዙሩ ያልቅና ቅጭ ይላል። ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ አስቀምጡና ሁለተኛውን ዙር ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ፤ የመጀመሪያው ዙር ጅራት የሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ስላለ መጋጠሚያው አይታወቅም። ሦስተኛው ማዕበሉ ዜሮ ላይ ሳይደርስ መቁረጥ ነው፤ ኦዳሲቲ ላይ ዜድ ቁልፍን ስትነኩ መቁረጫውን ወደ ዜሮ ያስጠጋላችኋል። ያኔ ርዝመቱ በጥቂት ናሙና ቢያጥር ጫፉ ላይ ባዶ ጨምራችሁ ወደ ቁጥሩ መልሱት።

መሰልቸትን ለመከላከል ደግሞ ክራሩን በ48 ሰከንድ፣ ከላይ የሚመጣውን የማሲንቆ ሐረግ በ36 ሰከንድ (24 ባር) አዙሩ። ሁለቱ በአንድ ቦታ የሚገናኙት በየ144 ሰከንዱ ስለሆነ ሙዚቃው በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ራሱን አይደግምም። አምስት ጊዜ የተቀረጸው ሐረግ የሚጠቅመውም እዚህ ነው፦ ጥሪዋ በተነካች ቁጥር ኮዱ ከአምስቱ ቅጂዎች አንዱን በዕጣ ይምረጥ፣ ያለፈውን ግን ሁለት ጊዜ አያከታትል። ሰው የነፋው ዋሽንት በፍጹም አንድ ዓይነት አይወጣም፤ አንድ ፋይል ብቻ ሲደጋገም ጆሮ በአሥረኛው ላይ ማሽን መሆኑን ያውቃል።

ዝምታም የዙሩ አካል ነው። ደጋው ላይ ሙዚቃው ሁለት ዙር ሄዶ በቀስታ ይጥፋ፤ ከ90 እስከ 240 ሰከንድ ነፋስና ወፍ ብቻ ይሰማ። ሁልጊዜ የሚጮህ ሙዚቃ እንደ ወፍጮ ቤት ድምፅ ነው፤ ሰው መስማቱን ያቆማል፣ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚያስተውለው። ሙዚቃው ሲመለስ ተጫዋቹ በሚያደርገው ነገር ይመለስ፤ ኮረብታ ጫፍ ሲወጣ፣ የጥጃዋን ዱካ ሲያገኝ።

ሌሊቱና ጅቡ

የፍርሃት ሙዚቃ በንብርብር ይሠራል። ሦስት ትራክ ይበቃል፦ ከታች ረዥም የማሲንቆ ጉተታ፣ ከመካከል እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ከበሮ፣ ከላይ ደጋኑ በፍጥነት እየተንቀጠቀጠ የሚያወጣው የማሲንቆ ድምፅ። ሦስቱም ርዝመታቸው እኩል ይሁን፤ ምታቸው እንደ ደጋው 80 ይሁን፣ መሻገሪያው እንዲቀል።

ሦስቱም ትራክ ሌሊቱ ሲጀምር በአንድ ቅጽበት ይነሱ፤ የማይፈለገው ድምፁ ተዘግቶ ዝም ብሎ ይሂድ። ጅቡ ሲመጣ የምትከፍቱት ድምፁን ብቻ ነው። ጅቡ ሲታይ ከበሮውን "አሁን ጀምር" ካላችሁት ምቱ ከጉተታው ጋር አይገጥምም፤ ፍርሃቱ ቀርቶ ግርግር ይሆናል። ጎዶት በተባለው ነጻ የጌም መሥሪያ ከ4.3 ጀምሮ ያለው ኦዲዮስትሪምሲንክሮናይዝድ ይህንኑ ይሠራል፤ ከአንድ ሙዚቃ ወደ ሌላ ለመሻገር ደግሞ ኦዲዮስትሪምኢንተራክቲቭ አለ። ዩኒቲ በተባለው ሌላ የጌም መሥሪያ የምትሠሩ ሦስቱን በፕሌይስኬጁልድ ለአንድ ሰዓት ቅጠሯቸው። ኤፍሞድ የተባለውን የጌም ድምፅ ፕሮግራም የለመደ በእሱ ይሥራ።

ርቀቱ እንዲህ ይከፈል። ጅቡ 25 ሜትር ላይ ሲደርስ ከበሮው፣ 12 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚንቀጠቀጠው ማሲንቆ ይከፈታል። መዝጊያው ግን እነዚሁ ቁጥሮች እንዳይሆኑ፤ ከበሮው 32 ሜትር፣ ማሲንቆው 18 ሜትር ላይ ይዘጋ፣ ያውም ጅቡ ከዚያ ውጭ 5 ሰከንድ ከቆየ። መክፈቻውና መዝጊያው አንድ ከሆነ ጅቡ 25 ሜትር አካባቢ ሲንጎራደድ ከበሮው እየበራ እየጠፋ እንደ ተበላሸ አምፖል ይሆናል። ይህ ጀማሪዎች ላይ ከሚታዩ ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ፍጥነቱም ሁለት ዓይነት ነው። አደጋ በሚቀጥለው ምት ላይ ይግባ፤ ቢዘገይ 0.75 ሰከንድ ነው፣ ድምፁም በ0.3 ሰከንድ ይከፈት። እፎይታ ግን አራት ባር እስኪሞላ ይጠብቅ፣ እስከ 6 ሰከንድ፤ ከዚያ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይዘጋ። ሰው ሲደነግጥ ባንዴ ነው፣ ሲረጋጋ ቀስ ብሎ፤ ሙዚቃው ከሰውነት ቀድሞ ከተረጋጋ ተጫዋቹ ይክደዋል።

ጥጃዋ ስትገኝ

ይህች ቅጽበት ከጠቅላላው ሥራ ግማሽ ጊዜ ቢወሰድባት አይበዛም። ልጁ ዓባይ ዳር ደርሷል፣ መሽቷል፣ ጥጃዋ አትታይም። ሙዚቃውን ሁሉ አጥፉት፤ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይቅር፣ እሱም ከወትሮው በ4 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ። ተጫዋቹን አትምሩት፣ ጽሑፍ አታውጡ። መቶ ጊዜ የነካት ቁልፍ አሁንም እዚያው ናት፤ ይነካታል። ዋሽንቱ 7–9–7–4–2 ይላል።

ከዚያ ልክ ሁለት ሰከንድ ዝምታ። ከአንድ ሰከንድ ካነሰ የገደል ማሚቶ ይመስላል፤ ከአራት ካለፈ ተጫዋቹ ቁልፏን ደግሞ ይነካል። በእነዚህ ሁለት ሰከንዶች ቁልፏ እንዳትሠራ ዝጓት። ቀጥሎ ማሲንቆው፣ እስካሁን በዚህ ዜማ ድምፁ ያልተሰማው፣ ያንኑ 7–9–7–4–2 በግማሽ ፍጥነት ይመልሳል፣ ትንፋሽ ያህል ቆይቶም 0 ላይ ያርፋል። 0ን አራት ሰከንድ ይያዘው። የጥጃዋ እምቧታ የሚሰማው 0 ሊያልቅ ሲል ነው፤ ከቀደመ የዜማውን ማረፊያ ይሸፍነዋል።

ተጫዋቹ ቁልፏን ባይነካስ? ከ20 ሰከንድ በኋላ ማሲንቆው በሩቁ 7–9 ብቻ ብሎ ዝም ይበል። ግጥሙን እንደሚጠብቅ አዝማሪ ነው፤ የቀረውን ሰውየው ራሱ ይሞላዋል። ካልሞላው ከ20 ሰከንድ በኋላ ይድገምለት። "ተሳክቶልዎታል" የሚል ሰሌዳ፣ ነጥብ፣ ሽልማት፣ ማስታወቂያ፣ ሁሉም 0 ካረፈ ቢያንስ 8 ሰከንድ ይቆይ።

በስልኩ ጆሮ ስሙት

የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን አይናገርም ማለት ይቻላል። በጆሮ ማዳመጫ ደረት የሚመታው ከበሮ በስልክ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ የከበሮው መዳፍ ቆዳውን ሲመታ የሚሰማውን ጥፊ፣ 1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ በ3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ፤ ላዩ ላይም ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን ጥቂት የሚያሻክር ማስተካከያ) ጨምሩበት። ብዙ ስልክ ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ ስለሚያሰማ ሁሉንም በሞኖ ፈትሹ። አጠቃላይ ከፍታው −18 ሉፍስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ገደማ ይሁን። ጥሪዋ ስትነፋ የጀርባው ሙዚቃ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ በ1.5 ሰከንድ ይመለስ። የሙዚቃና የሌላ ድምፅ መቆጣጠሪያ ለየብቻ ይኑር፤ ለማይሰማ ሰውም የጅቡ መቅረብ በንዝረት ይታወቅ።

መጨረሻ ላይ ጌሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስልኩን ስጡና ከጎኑ ተቀመጡ። ፊቱን ሳይሆን አውራ ጣቱን ተመልከቱ። ጅቡ ሲመጣ ጣቱ ወደ ድምፅ መቀነሻው ከሄደ የሚንቀጠቀጠው ማሲንቆ ጆሮ እየወጋ ነው፤ ከ3,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለውን በ4 ዴሲቤል ቀንሱለት። ደጋው ላይ ጥሪዋን በራሱ ፈቃድ፣ ምንም ሳይፈልግ፣ እንዲሁ ደስ ብሎት የሚነካት ከሆነ አትንኳት። የመጨረሻው ሁለት ሰከንድ ዝምታ ላይ ጣቱ ከመስታወቱ ተነስቶ አየር ላይ ከቆመ ልኩ ትክክል ነው፤ ቁልፏን ደጋግሞ ከነካ 1.6 ሰከንድ አድርጉትና ለሌላ ሰው ስጡ።